የሔርሞን ሃያ ሦስት ዊኬት

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ይህ ደብተር የልጄ የሔርሞን ነው። ለአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ገዝታው ሦስት ገጽ ብቻ ጽፋበታለች። ሦስቱን ገጾች አልቀደድኳቸውም፤ አንድ ላይ በስቴፕል ዘግቻቸዋለሁ። ከአራተኛው ገጽ ጀምሮ የእኔ ነው። እኔ ከሰባተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ስጽፍም ቀስ ብዬ ነው።

ዛሬ ሊዮ ወደ ቤታችን መጡ። የሴት ልጆቹ የክሪኬት አሠልጣኝ ናቸው፤ የጋያና ሰው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ።

«ሚስ ዓለም፣ መዝገቡ ሰው ይፈልጋል» አሉኝ።

«ሌላ ሰው ይፈልጉለት።»

«ሌላ ሰው ሞክሬ ነበር። በአንድ ኦቨር ውስጥ ዘጠኝ ኳስ ጽፎ አመጣልኝ።»

አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው። ሊያስቁኝ ነው። አልሳቅሁም።

የክለቡን መዝገብ አራት ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ። ሔርሞን ክሪኬት የጀመረችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ፎቃችን ላይ የምትኖረው ፊርደውስ፣ የባንግላዴሾቹ ልጅ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ቴፕ የተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ እያስወረወረቻት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ዳር ቁጭ ብዬ እጠብቃት ነበር። አንድ ቀን ሊዮ «ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ» ብለው እርሳስ ሰጡኝ። በሁለት ቅዳሜ ተማርኩት። ለእያንዳንዱ ኳስ አንድ ምልክት ይጻፋል። በእርሳስ ጫፍ የተነካ ነጥብ ከሆነ ምንም ሩጫ አልተገኘም ማለት ነው፤ ቁጥር ከሆነ የተገኘው ሩጫ ነው። መቺዋ ከጨዋታ ከወጣች ደብልዩ ይጻፋል፤ ያ ዊኬት ነው፤ ለወረወረችው ልጅ ይቆጠራል። ሊዮ አንድ ደንብ አላቸው፤ ከተሳሳትሽ በላጲስ አታጥፊ፣ አንድ መስመር ሰርዢበትና ትክክለኛውን ከላዩ ጻፊ፣ የሚያነበው ሰው ሁለቱንም ይይ ይላሉ። በሕይወቴ ሳልሳሳት የሠራሁት ሥራ ይኸው ብቻ ነው እያልኩ ለሰው እናገር ነበር።

እምቢ አልኳቸው። በሩ ላይ ደርሰው ጫማቸውን ሲያስሩ «ፊርደውስ ዘንድሮ በየጨዋታው ልትወረውር ነው። ሰሌዳው ላይ ያለውን ትደርስበት ይሆናል» አሉ። በክፋት አይደለም። እኚህ ሰው ክፋት የላቸውም፤ እሱም ያናድደኛል።

ሰሌዳው ኮሚኒቲ ሴንተሩ ግድግዳ ላይ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ነው። አንደኛው መስመር በአንድ የጨዋታ ወቅት ብዙ ዊኬት ላገኘች ልጅ ነው። ነሐስ ላይ ተቀርጾ በሁለት ብሎን ይታሰራል። አሁን ያለው «ሔርሞን ይመር፣ 23» ይላል። የበለጠች ከመጣች የፊተኛው ይነቀልና የአዲሷ ይገባል።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አልኳቸው።

ያን ጠዋት ደህና ነበረች። እየሳቀች ነው ከቤት የወጣችው። ሐኪሙ የገደላት ከውልደቷ ጀምሮ ልቧ ውስጥ የነበረ ነገር ነው፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር ብሏል። ይህን እዚህ የጻፍኩት አንድ ጊዜ ተጽፎ እንዲቀመጥ ነው።


ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ነፋስ። ወረቀቱን በድንጋይ ያዝኩት። አሸነፍን። ፊርደውስ ሁለት ዊኬት። ሁለቱም ተራ ኳስ ነበር። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።


ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

የፊርደውስ እናት በሩን አንኳኳች። በቀዳዳው አየኋት። በመስታወት ሳህን ሩዝ ይዛለች። ትንሽ ቆማ ሳህኑን መሬት አስቀምጣ ሄደች።

ሔርሞን እያለች ሳህን ከእሷ ቤት ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ እሷ ይመላለስ ነበር። እሷም እኔም ባዶውን መልሰን አናውቅም፤ ሌላው ቢጠፋ ብርቱካን ይደረግበታል። ዛሬ ሩዙን ለይመር ሰጠሁት። ሳህኑን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ባዶውን በራቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ይመር አየኝ። ባሌ ብዙ አይናገርም። ኢቶቢኮ የሚባለው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻውን መኪና፣ ሲነዳ ይውልና ድምፅ ሁሉ እዚያው አልቆበት ይመጣል። «ምን አደረጉሽ?» አለኝ።

ምንም አላደረጉኝም። ልጃቸው አለች፤ ያ ነው።


ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ሥራ ስለሌለኝ ዛሬ በሰፊው ልጻፍ። ሁለቱን ልጆች ያለ አድልዎ ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው ብዬ ነው፤ ሰው ሁሉ ስለሚያወዳድራቸው።

ሔርሞን ከሩቅ ነበር የምትነሣው። አሥራ ስድስት እርምጃ። ጫማዋ ሣሩን ሲመታ እኔ ጠረጴዛ ድረስ ይሰማኛል። ኳሷ ፈጣን ነው፤ መቺዋ መምቻዋን ሳታወርድ ከኋላዋ የተተከሉት ሦስት እንጨቶች ተገንድሰው ታገኛቸዋለች። ሲሳካላት አትጮኽም። ዘወር ብላ ወደ ጠረጴዛዬ ታያለች፤ ጻፍሽው ወይ እንደ ማለት።

ፊርደውስ አራት እርምጃ ብቻ ነው የምትራመደው። ቀርፋፋ ናት። ኳሱን በጣቶቿ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ መሬት ሲነካ ወዳላሰቡት ይዞራል። መቺዋ ራሷ ተሳስታ ትወጣለች። ይህን ብልጠት ይሉታል። እኔ ማታለል ነው የምለው። በዚያ ላይ መምታትም ትችላለች፤ ሔርሞን መምታት ላይ ደካማ ነበረች። እሺ፣ ይህንን ጽፌያለሁ።

ሔርሞን ብዙ ትደክም ነበር፤ ሦስተኛው ኦቨር ላይ እጇን ጉልበቷ ላይ ትጥላለች። ፊርደውስ አትደክምም። ይህንን በየሳምንቱ እነግራት ነበር። «ፊርደውስን እያት፣ ስትወረውር ውላ ፊቷ ላይ ላብ እንኳ የለም» እላት ነበር። ለማበርታት ነው። የትኛዋ እናት ነች እንዲህ የማትል?

ዛሬ የሰማሁትንም አብሬ ልጻፍ። ጸጋአብ ማለት የኤደን አባት ነው፤ ኤደን ከእንጨቶቹ ኋላ ቆማ ኳስ የምትይዘው ልጅ ናት። ወንበሩን ከኋላዬ አድርጎ በስልክ ያወራል። ንፋሱ ወደ እኔ ነበር።

«ሔርሞን ጥሩ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። እውነቱን ልንገርህ ግን፣ ብትኖር ዘንድሮ ፊርደውስ ትበልጣት ነበር። ማን ደፍሮ ይናገራል፤ እናቲቱ እርሳስ ይዛ ተቀምጣ።»

ዘወር አላልኩም። ነጥብ፣ ነጥብ፣ አንድ፣ ነጥብ ጻፍኩ። ሲሄድ ውኃ ሊሰጠኝ መጣ፤ «ዓለምዬ፣ ፀሐዩ አልበዛብሽም?» አለ። ተቀብዬ ጠጣሁት።

ፊርደውስ አንድ። ባለፈው ቅዳሜ ካገኘቻቸው ሦስት ጋር ድምሩ ስድስት።


ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ዝናብ አቋረጠን። ቢሆንም ሁለት አገኘች። ስምንት።

አንዷ መቺ የፊርደውስን ኳስ ከሜዳው አውጥታ ዛፍ ውስጥ ከተተችው። ይህ ስድስት ይባላል። ዳኛው ሁለቱንም እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔም አየሁ ለማለት እጄን አነሣለሁ። እኔ እጄን ካላነሣሁ ጨዋታው አይቀጥልም። ሃያ ሁለት ልጆች እኔን ይጠብቃሉ።

አነሣሁ። ከባለፈው ዓመት ወዲህ ሰው ሁለት እጁን ሲያነሣ መጀመሪያ የማየው ሣሩን ነው።


ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ሁለት። አሥር ሞላች። ገና ግማሽ ወቅት አልሞላም። በአውቶቡስ ውስጥ ነው የምጽፈው፣ ወደ ስካርቦሮ፣ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ፤ የአረጋውያን ቤት የልብስ ማጠቢያ ክፍል የማታ ፈረቃ ገብቼያለሁ። አሥር ከሃያ ሦስት። ቀሪው አሥራ ሦስት። ለመብለጥ አሥራ አራት።


ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ የመጡት ከኢቶቢኮ ነው። ሁልጊዜ የሁለቱም ቡድን ጸሐፊዎች ጎን ለጎን ተቀምጠን እየተያየን ነው የምንጽፈው። የእነሱ ጸሐፊ መኪናዋ ተበላሽቶ ቀረች። ብቻዬን ጻፍኩ።

ፊርደውስ ሁለት ዊኬት አገኘች። በአንድ ኳስ ደግሞ መቺዋ ከመስመሯ ወጥታ ሳተች፤ ኤደን ከኋላ ኳሱን ይዛ እንጨቶቹን መታችና መቺዋ ወጣች። ይህ በሁለት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ስታምፕድ ከተባለ ለወርዋሪዋ ይቆጠራል፣ ኳሱን የያዘችው ልጅ ስምም ይጻፋል። መቺዋ ለመሮጥ ወጥታ ከሆነ ግን ራን አውት ይባላል፤ ለወርዋሪዋ አይቆጠርም።

ከጠረጴዛዬ ሩቅ ነበር። ፀሐይ በዓይኔ ነበር። ልትሮጥ የወጣች መሰለኝ። ራን አውት ብዬ ጻፍኩ።

ሲያልቅ ኤደን እየዘለለች መጣች፤ ልጆቹ አንቲ ነው የሚሉኝ፣ አክስቴ እንደ ማለት። «አንቲ፣ የኔ ስታምፕ ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

አሥራ ሁለት።


ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ፀሐይ በዓይኔ ነበር።


ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጨዋታ የለም። አሰፋሽ መጣች፤ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት፣ ለቅሶ ላይ አርባ ቀን ያልተለየችኝ ሴት። ሶፋው ላይ የተዘረጋውን መዝገብ ገልብጣ አየችው።

«አንቺ ዓለምሸት፣ ይሄ ሁሉ ነጥብ ምንድን ነው? ጉንዳን የሄደበት ይመስላል።»

ስለ ሰሌዳው ነገርኳት። ስለ ስታምፑ አልነገርኳትም።

«እና በእንጨት ኳስ ስለሚማቱበት ጨዋታ ነው ጎረቤት የኮረፍሽው? ልጅቷ ምን አጠፋች? ሔርሞን ስትታመም ማን ነው አምቡላንስ ውስጥ የገባው?»

አልታመመችም፣ ወደቀች እንጂ፤ ይህን አረምኳት። አምቡላንሱ ውስጥ እኔና ፊርደውስ ነበርን። እግሯን ይዛ ነበር። እኔ ልይዝ ስል እጇ እዚያ ነበር።

አሰፋሽ ከሄደች በኋላ የባለፈውን ዓመት መዝገብ አወጣሁ። ሃያ ሦስቱን አንድ በአንድ ልቆጥር። ከመጨረሻው ገጽ በስተቀር ሁሉንም ገለጥኩ። የመጨረሻውን ገጽ አልገልጠውም።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ረስቼው ነበር። አልረሳሁትም።

የባለፈው ዓመት ሰኔ ነበር። ሔርሞን ወረወረች፣ መቺዋ ነክታው ለመሮጥ ወጣች፣ ፊርደውስ ከሩቅ ኳሱን አንሥታ በአንድ ውርወራ እንጨቱን መታችው። ራን አውት ነው፤ ለማንም ወርዋሪ አይቆጠርም። እኔ ለሔርሞን ጻፍኩት። ማታ መዝገቡን አይታ፣ «እማ፣ ይሄ የኔ አይደለም። ፊርደውስ ናት የመታችው» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ ማን ያየዋል? አንቺ ኳሱን ባትወረውሪ ከየት ታገኘው ነበር?»

«እማ፣ አስተካክይው። አፍራለሁ።»

«እሺ» አልኳት። አላስተካከልኩም። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። ዊኬት ስታገኝ ግን ወደ ጠረጴዛዬ ማየት ተወች። ያኔ አድጋ ነው ብዬ ነበር።

ሃያ ሁለት ነው እንግዲህ። አንዲት ዊኬት ናት። ትንሽ ነገር ነው።


ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ሦስት አገኘች። አሥራ አምስት። በእኔ መዝገብ።


ሐምሌ 20፣ እሑድ

ከይመር ጋር ተጣላን። የተጣላነው ስለ ክፍሏ ነው። አልጋውን ለሚፈልግ ሰው እንስጥ አለ። ሰጥተህ ምን ልታስገባበት ነው አልኩት። አንዱ ሌላውን ሳበ።

«የሞተችበት ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄደሽ የሌላ ሰው ልጅ ስትጠብቂ ትውያለሽ» አለ።

«ስሟን ነው የምጠብቀው።»

«ስሟን?» ቁልፉን አንሥቶ ነበር፣ መልሶ አስቀመጠው። በጣም ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «ያን ጠዋት ዛሬ ትቅር ብዬሽ ነበር፣ ዓለም። አልጋ ውስጥ ሆኜ ሁለት ጊዜ ነው ያልኩሽ።»

አላስታውስም አልኩት። ትንሽ አየኝና ወጣ።

ሐኪሙ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር ብሏል። ወረቀቱም አለ። መሳቢያ ውስጥ ነው።


ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ሁለት። አሥራ ሰባት። ይመር አሁንም በጥያቄ ልክ ብቻ ነው የሚያናግረኝ።


ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ሁለት። አሥራ ዘጠኝ። ጾም ስለሆነ ራሴን አዞረኝ። ፊርደውስ ከሜዳ እየሮጠች ወንበሬን ወደ ጥላ ሳበችልኝ። ሳልጠይቃት። አላመሰገንኳትም። የእሷ ማላብ የማያውቅ ፊት ዛሬ ላብ ነበረው፤ አየሁት።


ነሐሴ 18፣ እሑድ

ሙት ዓመቷ። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደረገ፤ ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ሰው ቀመሰ። አሰፋሽ ሁሉን ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ እኔ እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ።

ፊርደውስና እናቷ መጡ። እናትየው ልብሷ ነጭ ነበር፤ ከሰው ጠይቃ መሆን አለበት። በሩ አጠገብ ቆሙ። ሊዮም መጥተው ከእነሱ ጎን ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ፊርደውስ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ለምን ያህል ጊዜ እንደምታለቅስ ሰዓት አየሁ። ይህን ለማንም ልናገር አልችልም፣ ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።

እናትየው ስትሄድ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። የመስታወቱን ሳህን ባዶ በመመለሴ ልትወቅሰኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «አንቺ ምንም አልበላሽም» ብቻ ነው ያለችኝ።


ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ሁለት። ሃያ አንድ። አንድ ጨዋታ ቀረ። ለመብለጥ ሦስት ያስፈልጋታል። በእኔ መዝገብ። በእውነተኛው አሁን ሃያ ሁለት ናት፣ ከሃያ ሁለት ጋር እኩል፤ ለመብለጥ አንድ ይበቃታል። የፈለግሁትን ያህል ባሰላው አንድ ዓይነት ነው የሚመጣው።

ጸጋአብ ከሌሎቹ ልጆች ወላጆች ጋር ሆኖ ሁለቱን ያወዳድራል፤ የአንዷን ፍጥነት፣ የሌላዋን ብልጠት። አንዱ «የመጨረሻው ቀን ይለያቸዋል» አለ። አንዷ እኮ ሞታለች ልል ፈልጌ ነበር።


ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ልጻፈው፣ ከእጄ ሳይወጣ።

የመጨረሻው ጨዋታ። ሜዳው ዳር ሰው ሞልቷል፤ ከባቡር ጣቢያው ድልድይ ላይ ቆመው የሚያዩም ነበሩ። ሁሉም ያውቃል፤ ሦስት ካገኘች ሰሌዳው ይለወጣል። ፊርደውስ አራቱን ኦቨሮቿን ወረወረች። በሁለተኛው አንድ። በአራተኛው አንድ። የመጨረሻ ኳሷን ለቀቀች። መቺዋ ሳተች፣ ኳሱ ከእንጨቱ አንድ ጣት አልፎ ሄደ። ነጥብ ጻፍኩ።

ሃያ ሦስት። እኩል ለእኩል። የክለቡ ሕግ እኩል ከሆነ የፊተኛው ይቆያል ነው። ሰዎች ወደ እኔ እየመጡ ትከሻዬን ነካኩ። ጸጋአብ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ፤ ከዚያ የተናገረው ነገር ገብቶት ደነገጠ።

ደስታ ነው ብዬ የጠበቅሁት ነገር አልመጣም።

እቃዬን ስሰበስብ ፊርደውስ መጣች። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሔርሞን ትቀመጥ በነበረበት።

«ጥሩ ነው አንቲ። እንዲህ መሆኑ ጥሩ ነው።»

«ምኑ ነው ጥሩ?»

«የሷ እንዳለ መቆየቱ።» የጫማዋን ማሰሪያ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «የኤደንን ስታምፕ አውቃለሁ። ከኢቶቢኮዎቹ ጋር የነበረውን። መቺዋ አልሮጠችም። ግን ግድ የለም።»

ፀሐይ በዓይኔ ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«የራሴን ስልኬ ላይ እይዛለሁ። ሔርሞንም ትይዝ ነበር፤ ማታ ማታ እናመሳክር ነበር። የሷ ሃያ ሁለት ነበር የሚለው። አንድ ቀን መዝገቡን አስተካክለዋለሁ ብላ ነበር። ለማንም አልነገርኩም አንቲ፣ አልናገርምም። ሰሌዳው የሷ ይሁን።»

እንዲህ ያለ ንዴት ተናድጄ አላውቅም። ይህች ልጅ ዓመቱን ሙሉ እያወቀች ወንበሬን ስትስብልኝ ነበር። ለልጄ ስሟን ልትሰጣት ነው፤ ለለማኝ እንደሚሰጥ። ማን ለመናት? ሔርሞን በሕይወቷ ከእሷ አንድ ካልሲ ተበድራ አታውቅም።

«ሊዮን ጥሪልኝ» አልኳት።

«አንቲ፣ አያስፈልግም።»

«ጥሪልኝ አልኩሽ።»

ሁለቱንም መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ የአምናው ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሊዮ መጥተው መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ጠበቅሁ። የሰኔ 21ን ራን አውት በአንድ መስመር ሰረዝኩ፤ ከላዩ ስታምፕድ፣ ኤደን፣ ወርዋሪ ፊርደውስ ብዬ ጻፍኩ። የአምናውን አሥራ ሰባተኛ ሰረዝኩ፤ ከላዩ ራን አውት፣ ፊርደውስ። ፊርደውስ ሃያ አራት። ሔርሞን ሃያ ሁለት። በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ።

ሊዮ ረጅም ጊዜ አዩት። «ሚስ ዓለም» አሉ፣ «ማንም እኮ አልጠየቀሽም።»

«ማንም ስላልጠየቀኝ ነው።»

ፊርደውስ ታለቅስ ነበር። ዛሬ ሰዓት አላየሁም።


መስከረም 1፣ ሐሙስ

አዲስ ዓመት። ይመር ከሥራ ሲመለስ የሆነውን ነገርኩት። ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ሃያ ሁለትም ብዙ ነው» አለ። ከተጣላን ወዲህ ለእኔ የተናገረው ረጅሙ ነገር ነው።

ብርቱካን ገዝቼ ነበር። ስድስቱን በራሳችን ሳህን አድርጌ የፊርደውስ ቤት በር ላይ አስቀመጥኩት። አላንኳኳሁም። ይቅር ብያለሁ ማለት አይደለም። የሚያስቀይም ነገር ያደረገው ማን እንደሆነም ደህና አድርጌ አላውቅም።


መስከረም 3፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሰሌዳው ተለወጠ። አልሄድኩም። ከሰዓት ሊዮ አሮጌውን ነሐስ ፖስታ ውስጥ አድርገው አምጥተው ሰጡኝ፤ ሁለቱ ብሎኖች አብረው አሉ። እንደዚያ ያለ ቀላል ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ከማንኪያ ይቀላል። መሳቢያ ውስጥ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር አስቀመጥኩት።

ማስተካከል ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው።

የዚህ ደብተር የመጀመሪያ ገጼ ላይ «ያን ጠዋት ደህና ነበረች፤ እየሳቀች ነው ከቤት የወጣችው» ይላል። አሁን ተመልሼ አንድ መስመር ሰርዤበታለሁ። ከላዩ ቦታ አልበቃኝም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እማ፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይሮጣል» አለችኝ። ባለፈው ሳምንትም ብላኝ ነበር። ከዚያ በፊትም ብላኝ ነበር። ይመር ከውስጥ ዛሬ ትቅር አለ። ሁለት ጊዜ። እኔ «ፊርደውስ ሊፍቱ ጋ ደርሳለች፤ አንቺ ገና ካልሲ ትፈልጊያለሽ» አልኳት። ካልሲዋን አደረገች። አልሳቀችም።

ከዚያ የአምናውን መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ገለጥኩ።

የሔርሞን ሦስተኛ ኦቨር ነው። ነጥብ፣ ነጥብ፣ አንድ፣ ነጥብ። እኔ የአራተኛውን ኳስ ነጥብ አድርጌ እርሳሴን እየቀረጽኩ ነበር። ቀና ስል ዳኛው ሁለቱንም እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ወደ እኔ ዞሯል። ስድስት መሰለኝ። እጄን አነሣሁ፣ አየሁ ለማለት። ጎንበስ ብዬ ስድስት ጻፍኩ። የልጄን ኳስ ከሜዳው አውጥተው መቱት ብዬ ተናደድኩ፤ ያንንም አስታውሳለሁ። ጽፌ ስጨርስ ነው ቀና ብዬ ያየሁት፤ ፊርደውስ ስትሮጥ፣ ሣሩ ላይ የወደቀችው ማን እንደሆነች።

አምስተኛው ኳስ አልተወረወረም፤ ዳኛው እጁን ያነሣው ሰው ድረሱ ለማለት ነበር። ሔርሞን እርምጃዋን ጀምራ ነበር፤ አሥራ ስድስቱን አልጨረሰችም።

ስድስቱን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ከላዩ ምንም አልጻፍኩም።